የድልድዩ እግር

የባቡር ድልድዩ ጠባቂ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ጓደኞቹ ድልድዩን አሳመሩለት። ዝገቱን ፈግፍገው ቀለም ቀቡት። በአንደኛው ጫፍ፣ በብረቱና በድንጋዩ ግንብ መካከል፣ አራት ጣት የምታህል ክፍተት አገኙ። «ነፍሱን ይማር፣ ይቺ ብቻ አምልጣዋለች» ብለው በሲሚንቶ ደፈኗት።

ልብስ ሰፊዋ ልጁ ሥራቸውን ልታይ የመጣችው ረፋዱ ላይ ነበር። ቀና ብላ ድልድዩን ስታይ በአድናቆት አፏን ያዘች። ድሮ በቅድመ አያቷ ዘመን ብረቱ ቁራጭ በቁራጭ፣ ቁጥር እየተጻፈበት ከሩቅ መጣ፤ ሰዎች ገደል ላይ ተንጠልጥለው፣ በእሳት የቀላ የብረት ችንካር እየቀጠቀጡ አጋጠሙት። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ነው። ምክንያቱን አባቷ በልጅነቷ በእንጨት አሳይቷታል። አራት እንጨት ጫፍና ጫፉ ታስሮ ሲገፋ ይንጋደዳል፤ ሦስቱ ግን ንቅንቅ አይልም። «ላይኛው ይጨመቃል፣ ታችኛው ይወጠራል። እንደኔና እንደ እናትሽ ነው፤ እየተጓተትን ቤቱ ቆሟል» ይላት ነበር።

ዓይኗ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ግን ክው አለች። ግንቡ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ብረት በፀሐይ እንደሚረዝም፣ ያ ጫፍ ሳይታሰር በተንከባላይ ብረቶች ላይ የተቀመጠውም ለዚሁ እንደሆነ፣ እግሩ ከተያዘ ግንቡን ገፍቶ እንደሚንደው ለሠራተኞቹ አለቃ፣ ለፎርማኑ፣ ነገረችው። ፎርማኑ ሳቀ፤ መርፌ የያዘ ሁሉ መሐንዲስ ሆነ ማለት ነው አለ። ፀሐዩ እየከረረ ነው፤ የቀትሩ ባቡር ሊደርስ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ጋሼ፣ አባቴ ያቺን ክፍተት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጁ ሲጠርግ ኖሯል» አለችው። «እውነት አምልጣው ይመስልዎታል?»

ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ ስንጥቋን ሲዳስስ ሰፍታ ኖሮ ጥፍሩ ገባባት። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ባቡሩን የሚያስቆም ሰው በቀይ ባንዲራ ሰደደ፤ ሌሎቹ መሮና መዶሻ ይዘው ሲሚንቶውን ይፈነቅሉ ጀመር። የመጨረሻው ስብርባሪ ሲወጣ ከብረቱ ሆድ ረጅም ድምፅ ተሰማ። ሺህ ሰው ቢገፋው የማይነቃነቀው ድልድይ አንድ ጣት ያህል ተራመደ።

ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ለእሱ ክብር ብለን እኮ ነው» አለ በቀስታ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ፎርማኑ ግንቡን ዙሪያውን መርምሮ ከጨረሰ በኋላ ባቡሩ እያዘገመ እንዲያልፍ ተፈቀደለት። ድልድዩ ከሸክሙ በታች በጥቂቱ ዝቅ ብሎ፣ መልሶ ቀና አለ። ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ፣ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪሻገር አላነሣችም።