ዝም ካሉ ፍሬን ያዝ

ፀጉሩ የሸበተ ልጅ እንዴት ተደርጎ ነው የሚቆጡት? አያቲቱ ከአልጋዋ ከወረደች ጀምሮ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ አረፈደች። የአምስት ዓመት ልጅ ቢሆን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጎ ከበር እንዳይወጣ መከልከል ነበር። ይሄኛው የልጅ አባት ነው፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሴቶች “አባባ” የሚሉት የሰርቪስ ሾፌር። ከሰዓት በኋላ የማታ ፈረቃዎቹን ፋብሪካ ያደርሳል፣ ከጨለመ በኋላ ደግሞ ሰብስቦ በየቤታቸው ይመልሳል። “ወፌ” እያለች ያሳደገቻት የልጅ ልጇም እዚያው ፋብሪካ አዝራር ትተክላለች፤ በዚያው አውቶቡስ ሄዳ በዚያው ትመለሳለች። አያቲቱ በዚህ ዓለም ያላት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ መኪና።

ጠዋት ደጅ ልትጠርግ ብትወጣ፣ በር ላይ የቆመው አውቶቡስ የግራ ስፖኪዮው ከነክንዱ ተገንጥሎ አየች። ልጇን ብትጠይቀው፣ ምንም አይደል፣ ግንብ ነክቶት ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እሷን ግን ነገሩ አልዋጥ አላት። ሰሞኑን የምታየው ነገር ነበራ። ሲመሽ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ ነው የሚወርደው። የመኪና መብራት ከፊቱ ሲመጣ ግንባሩን ይቋጥራል። ከመንገድ ዳር ቢጫ መነጽር ገዝቶ፣ ለማታ የሚሆን ነው፣ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ይሄን ነው ብሏት ነበር፤ እሷ አድርጋ ብታየው በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ጨለመባት። የፊት መስታወቱንማ ጥፋቱ የመስታወቱ ይመስል ሲወለውለው ነው የሚውለው።

በሽታውን ታውቀዋለች። የራሷን ዓይን ሞራ የጋረደው ጊዜ፣ አምፖል ሁሉ እንደ ጃርት እሾህ አቁሞ ይታያት ነበር። ሐኪም አነሳላትና ዳነች። ግን እሷ ያኔ ትነዳ የነበረው ዶሮ እንጂ አውቶቡስ አይደለም።

ወፌ ስትነሳ፣ ነይ ፀጉርሽን ልጎንጉንልሽ አለቻት። ልጅቱ መጥታ ከጉልበቷ ሥር ቁጭ አለች፤ የአያቷን ተንኮል መች አጣችው። ፀጉሩ በሰው እጅ የተያዘ ሰው ወዴት ይሸሻል? ሁለት ጉንጉን ሳያልቅ ሁሉንም ተናዘዘች።

ሴቶቹ ካወቁ ሰንብተዋል። አንድ ማታ መብራት የሌለው ጋሪ ላይ ሊወጣ ሲል ከፊት የተቀመጠች ልጅ ጮኻ አዳነችው። ከዚያ ወዲያ የፊቶቹ መንገዱን ያዩለት ጀመር። ግን ጉድጓድ፣ ሰው፣ ጋሪ እያሉ ሲጮኹ የኋላዎቹ እየደነገጡ ተቸገሩ። ስለዚህ ዘፈን ሆነ። ከፊት ያለችው ታወጣለች፣ የኋላዎቹ ይቀበላሉ። ዘፈኑ ካለ መንገዱ ነፃ ነው፤ ዝም ካሉ ፍሬን ይይዛል። ሠላሳ ሴቶች ናቸውና “ባለ ስድሳ ዓይኑ” የሚል ስም አወጡለት፤ እሱም ስሙን ሳይወደው አልቀረም። ለአለቃ ያልተናገሩት ስለሚወዱት ነው። የቀድሞው ሾፌር ዋናው መንገድ ላይ አራግፏቸው ይሄድ ነበር። እሱ እያንዳንዷ በሯን ከፍታ እስክትገባ ይጠብቃል።

“ትናንትናስ?” አለች አያቲቱ፣ እጇ የወፌ ፀጉር ላይ እንደቆመ።

ትናንት ሥራ በዝቶ ከሰዓታቸው በላይ አምሽተዋል። አውጪዋ ወፌ ነበረች፣ ከፊት ወንበር። መጀመሪያ የኋላዎቹ መቀበላቸውን ተዉ፣ እንቅልፍ ጣላቸው። ቀጥሎ የእሷም አንገት ዘንበል አለ። ዘፈኑ ጠፋ። እሱም የሆነ ነገር ቆሞባቸው መስሎት በጨለማው መንገድ መሃል ቀጥ አደረገው። ከኋላ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሲሸሻቸው ስፖኪዮውን ይዞት ሄደ።

“መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም እማማ። እኔ ነኝ የተኛሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።”

“አንቺ የተቀጠርሽው አዝራር ልትተክዪ ነው፣ ዓይን ልትሆኚ አይደለም” አለቻት አያቲቱ፤ ጉንጉኑንም ሳትጨርሰው ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ጃኬቱን ደርቦ ለምሳ ቀረበ። እሷም እንዴት እንደምትቆጣው ሳታውቅ ጀመረች፤ የኔን ዓይን አስታውስ፣ ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ፣ መዳኛ እያለው አለች። መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብትወተውተው፣ ሐኪሙ አይቶ ማታ አትንዳ ካለኝ አለቃው በማግስቱ ሌላ ሾፌር ይተካል፣ በዚህ ዕድሜዬ ዘበኛም የሚያደርገኝ የለም አለ። ደግሞ ሊያስቃት ሞከረ።

“እኔ ስድሳ ዓይን አለኝ እማዬ። አንቺ በሁለት ብቻ እያየሽ ነው የምትፈሪው።”

“ስድሳውም እኮ ሲፈልግ የዋለው የመርፌ ቀዳዳ ነው። በመሸ ጊዜ ምን ዓይን ተርፎት?”

እሱ ጉርሻውን ማላመጥ ተወ። ይሄኔ ወፌ፣ እስካሁን ከማድጋው አጠገብ አቀርቅራ የቆመችው፣ ቀና አለች።

“አባዬ፣ ዛሬ አልዘፍንም። ሌሎቹም እንዳይዘፍኑ እነግራቸዋለሁ።”

ምን እንዳለች ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት። ደገመችው። አያቲቱ የልጇን ፊት አየችና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እሷ የፈለገችው እንዲፈራ ነው፤ በገዛ ልጁ ፊት እንዲህ እንዲያንስ አልነበረም። በሆዷ፣ ቢቆጣ ምናለ፣ ሳህኑን ቢወረውረው ምናለ አለች። ገና ቀን ነው፤ አለቃው ከቢሮው አልወጣም፤ ለዛሬ ማታ የሚሆን ሾፌር ለመፈለግ ጊዜ አለ። ይህን ልትለው አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። አሁን ላይ አንድ ቃል ቢጨመርበት የሚሰበር መሰላት።

እሱ ተነሳ። የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ አሰረ። የአውቶቡሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በእናቱና በልጁ መካከል አኖረው። ከዚያም በሩን ከፍቶ፣ ሁለቱንም ሳያያቸው፣ በእግሩ የፋብሪካውን መንገድ ያዘ።