አገሩን ወደ ታች የሚደፋው ሉል

ወይዘሮ እንኳየሁ ምድር ክብ መሆኗን በልጅነታቸው፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ተምረዋል። አልተቃወሙም። ክብ ከሆነች ክብ ትሁን፤ ቤታቸው እስካልገባች ድረስ ምን ገደዳቸው። አሁን ግን ገብታለች። የልጅ ልጃቸው ፅዮን ሳሎኑን ይዛ፣ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ዓለምን በእጇ ትሠራለች፤ እሳቸው ደግሞ በገዛ ቤታቸው መቀመጫ ፍለጋ ይዞራሉ።

«እሱ ላይ እንዳትቀመጪ እምዬ፤ የደቡብ አሜሪካ ቀለም አልደረቀም።»

«እዚያኛውስ?»

«እዚያኛው ላይ እስያ ተሰጥታለች።»

«ታዲያ እኔ የት ልግባ? ለአያት የሚሆን አገር አልሠራሽም?»

ፅዮን ጂኦግራፊ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ ብትፈልግ ብትፈልግ አጥታ ቤት ውላ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የደብሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አባ ሐብተ ማርያም፣ «ያለን ሉል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሕፃናቱ ከሱ የሚለዩት የባሕሩን ሰማያዊነት ብቻ ነው» ብለው ሲያማርሩ ሰማቻቸውና፣ «እኔ በአማርኛ እሠራልዎታለሁ» አለች። በማግስቱም ያረጀ የቅርጫት ኳስ ተሸክማ መጣች።

ወይዘሮ እንኳየሁ መጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም። የጀሶው ብናኝ ሳንባዋን ይይዛታል፣ ቀለሙ ዓይኗን ይጎዳታል፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ወገቧ ይቆለመማል እያሉ ይሰጋሉ። ኋላ ግን ልጃቸው የሻው ከሳንጃ ደወለ። የሻው የፅዮን አጎት ነው፤ ሳንጃ የሰሊጥ መጋዘን አለው።

«ትምህርት ቤቱ ሉሉን ከወሰደላት ሸጋ» አለ። «ካልወሰደላት ግን ከልደት በኋላ ወደኔ ትምጣና ሚዛን ላይ ትቁምልኝ። እስከ መቼ ቤት ትቀመጣለች?»

ፅዮንም መቀመጡ ሰልችቷት ስለነበር «እሺ ጋሼ» አለችው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወይዘሮ እንኳየሁ ሳንጃን አሰቡት። ሙቀቱ። ወባው። መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ። ደጋ የለመደች ልጅ እዚያ ወርዳ እንዴት ትሆናለች? ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሉሉ ከፅዮን የባሱ ተቆርቋሪ ሆኑ። ጎረቤት ጋዜጣ ሲጥል ቀድመው ያነሣሉ፤ ሙጫው እንዳይጓጉል ያማስላሉ፤ ድመቷን ከሳሎን አባረው ግቢ አሳደሯት።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ኳሱ በቅባት ይታሽና ሙጫ የጠጣ ጋዜጣ በላይ በላዩ ይለጠፍበታል። ሲደርቅ እንደ ዱባ ለሁለት ይሰነጠቅና ኳሱ ይወጣል። ሁለቱ ቅርፊቶች በብረት ዘንግ ላይ ተመልሰው ይገጠማሉ፤ ከዚያ ጀሶ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ካርታው። ካርታው አንድ ወረቀት አይደለም፤ ከላይም ከታችም የሾጠጡ፣ መሐላቸው የሰፋ እንደ ቅጠል ያሉ ቁራጮች ናቸው። ጎን ለጎን ሲለጠፉ ዓለም ይሆናሉ። አንዱ ትንሽ ከተንሸራተተ ሱዳን ከኢትዮጵያ ትፋታለች።

ቅርፊቶቹ ፀሐይ ላይ በተሰጡ ቀን ጎረቤታቸው ወለተሩፋኤል አጥር ተደግፋ ቆመች።

«ውይ እንዴት ያለ ክብ ነው እቴ። እንዲህ ያለ ክብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

ወይዘሮ እንኳየሁ «እንትፍ እንትፍ ብላ ትጨርሰው ይሆናል» ብለው ጠበቁ። አላለችም። ወደ ቤቷ ገባች። ማታውን አንደኛው ቅርፊት ተጣሞ ተገኘ።

«ፀሐዩ በዝቶበት ነው እምዬ» አለች ፅዮን፤ እንደ ገና አርጥባ ኳሱ ላይ እየመለሰችው።

«አዎ፣ ፀሐዩ ነው» አሉ እሳቸው። የምን ፀሐይ።

በማግስቱ ፅዮን የካርታዋን ወረቀቶች ልታሳትም ወደ ጎንደር ፒያሳ ወረደች። ወይዘሮ እንኳየሁ በሩን ዘጉ። ከመድኃኔ ዓለም ጠበል ያመጡትን እምነት፣ ያን የተባረከ አመድ፣ ከሣጥናቸው አወጡና በሙጫ ለወሱት። ከላይኛው ቅርፊት ላይ ፅዮን በእርሳስ ነጥብ አድርጋ «ጎንደር» ብላ ጽፋለች፤ መለጠፍ የምትጀምረው ከዚያ ነው። ቅርፊቱን ገልብጠው ከነጥቡ በስተጀርባ፣ ከውስጥ በኩል ለጠፉት።

«ለመላው ዓለም እንኳ አይበቃም» አሉ ለራሳቸው። «ሌላውም አገር የራሱ አያት ይኖረዋል።»

አዩት። ትንሽ መሰላቸው። ለወለተሩፋኤል ዓይን ብለው ጨመሩ። ሳንጃ ላለው ለየሻው ብለው ጨመሩ። ለመንገዱም ጨመሩ። ለፅዮን ሳንባ ሳይጨምሩ መቅረት ደግሞ ግፍ መስሎ ታያቸው። በመጨረሻ የእጃቸውን መዳፍ የሚያህል ጉብታ ሆነ። ፅዮን ስታደርግ እንዳዩት በላዩ ጋዜጣ ደራርበው ለጠፉበት፤ ሥራቸው እንኳ ንጹሕ ነበር።

ፅዮን ሁለቱን ቅርፊቶች በምትገጥምበት ቀን አንዱን በእጇ መዘን አደረገችው።

«ይኼኛው ከበደብኝ።»

«ቁርስ ሳትበዪ ነው የጀመርሽ» አሏት። «ባዶ ሆድ ላይ ምን የማይከብድ ነገር አለ?»

እውነት መሰላት። ገጠመችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለወይዘሮ እንኳየሁ ደስታ ነበር። ፅዮን በቀጭን ብሩሽ ስም ትጽፋለች፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነባሉ። «ማ-ዳ-ጋስ-ካር። ይቺ ደግሞ ብቻዋን ባሕር ውስጥ ምን ትሠራለች፤ አትፈራም?» ይላሉ። ሩሲያን ባዩ ጊዜ «ይኼን ሁሉ ማን ይጠርገዋል» ብለው አዘኑ።

ካርታው አልቆ፣ ቫርኒሹ ደርቆ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ብረት በያጅ አስናቀው ማቆሚያውን ይዞ መጣ። ፅዮን እንዳዘዘችው ዘንጉን ዘመም አድርጎ ሠርቶታል። ሉሉን ሰኩት። ፅዮን በጣቷ ገፋችው። ዓለም ዞረች፣ ዞረች፣ ቀስ አለች፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሳ ቆመች። ፊት ለፊት የታየው ባሕር ብቻ ነው።

ደግማ ገፋችው። ባሕር።

«አያ አስናቀው፣ ምነው ኢትዮጵያ ከታች ቀረች?»

አስናቀው ጎንበስ ብሎ አየ። ኢትዮጵያ ዘመም ባለው ሉል በታችኛው ጎን፣ ጠረጴዛውን ቁልቁል እያየች ናት። በእጁ ወደ ላይ አመጣት። እጁን ሲለቅ ተመልሳ ሄደች።

«ብረቱ ጠሞ ነው» አለች ፅዮን።

«ብረቴ የዘመመው አንቺ ዝመም ስላልሽው ነው። አገር ደፍቼ ግን አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ደፋት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ አይደለሽ የተማርሽው?»

ወይዘሮ እንኳየሁ ከጥግ ቁጭ ብለው የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥሩ ጀመር። ወዲያው ገብቷቸዋል። ቢናገሩ ግን ፅዮን ቢላ ታነሣለች፣ እምነቱም ይወጣል፤ አባ ሐብተ ማርያም ደግሞ የሚመጡት ነገ ጠዋት ነው። ያለ እምነት በሰው ዓይን ፊት እንዴት ይቀርባል? ጥለቱን መቁጠር ቀጠሉ። አስናቀው ብረቱን ፈትቶ ወሰደ፣ አቃንቶ አመጣ፣ ዘይት ቀባው። ኢትዮጵያ ያችው ከታች።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ሐብተ ማርያም ጃንጥላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። አስናቀውም በሌለበት ብረቱ እንዳይታማ ብሎ መጥቷል። አባ ሉሉን ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ። ጠጋ ብለው «ሜዲትራኒያን» የሚለውን አነበቡ፣ «ሕንድ ውቅያኖስ»ን አነበቡ፣ ከዚያ በጣታቸው ገፉት። ዞሮ ባሕሩ ላይ ቆመ።

«አገራችንስ?»

«አለች አባ። ይኸው።» ፅዮን ወደ ላይ አምጥታ በጣቷ ያዘችው።

«ልቀቂው እስቲ።»

ለቀቀችው። ኢትዮጵያ ወረደች።

አባ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «እንግዲህ ሕፃናቱ አገራቸውን ለማየት ወድቀው ሊሰግዱ ነው?»

«እይዘዋለሁ አባ...»

«ከሉሉ ጋር ጣትሽንም ትሰጪናለሽ?»

አስናቀው ሳቀ፤ ከዚያ ብረቱ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠ። አባ ቀና ብለው በሐዘኔታ ፅዮንን አዩአት። «እጅሽ ሸጋ ነው ልጄ። ጽሕፈትሽም ሸጋ ነው። ግን ልጆች በነገር ሁሉ ትርጉም ይፈልጋሉ። አገራችን ምነው ሁልጊዜ ትወድቃለች ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ?» አሉና ጃንጥላቸውን ለማንሣት ዞሩ።

ወይዘሮ እንኳየሁ ጃንጥላውን አዩ። ከጃንጥላው ወዲያ ሳንጃን አዩ። ፅዮን ሚዛን አጠገብ ቆማ፣ ላብ አጥምቋት፣ አንዲት ትንኝ እግሯ ላይ ስታርፍ ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

«እምነት አለበት» አሉ።

ሁሉም ዞሩ።

«ምን አለበት?» አሉ አባ።

«ከውስጥ። ከመድኃኔ ዓለም ያመጣሁት እምነት። ለዓይን ብዬ ነው አባ፤ ሰው እያየ ሲያደንቅባት ጊዜ።»

«ምን ያህል ይሆናል?»

«መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ኋላ... ጨማመርኩበት።»

ፅዮን አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «ስለምን አልነገርሽኝም እምዬ?»

«ትከለክይኛለሽ ብዬ።»

«እውነትሽን ነው፤ እከለክልሽ ነበር።»

«አየሽ?» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ፣ እንደረቱ ሁሉ።

አስናቀው ከበሩ በኩል ጉሮሮውን ጠረገ። «ብረቴን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ካለ እዚህ ነኝ።»

«ብረትህ ይቅር ይበለኝ አያ አስናቀው» አለች ፅዮን፤ ሳቋ ግን አመለጣት። አንዴ ካመለጣት በኋላ መመለስ አልቻለችም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አባ ሐብተ ማርያም ጃንጥላቸውን መልሰው አስደገፉና ወንበር ፈለጉ፤ ደግነቱ አንዱ ነጻ ነበር። «እንግዲህ ተቸገርን» አሉ። «እምነቱ ወጥቶ ይጣል አልልም፤ ቄስ ነኝ። አገር ተደፍታ ትቅርም አልልም፤ ዳይሬክተር ነኝ።»

ፅዮን ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ሉሉን ዞር ዞር አድርጋ አየችው። «አይወጣም» አለች። «በወዲያኛው ጎን ያንኑ ያህል እንጨምርበታለን። ከጎንደር ትይዩ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ባሕር ነው፤ ሰማያዊ ብቻ። ብንቆርጠውም መልሶ መቀባት ቀላል ነው።»

«እንግዲያ እኔ እምነት ላምጣ» ብለው ወይዘሮ እንኳየሁ ብድግ አሉ።

«እትዬ እንኳየሁ፣ ይቀመጡ» አሉ አባ። «ባሕሩን ለእግዚአብሔር ይተዉለት።»

አስናቀው ከኪሱ የቡሎን ዳዶዎች አወጣ። ፅዮን መጀመሪያ ከውጭ በኩል በሊጥ እየለጠፈች ሞከረቻቸው። አንድ ዳዶ አስቀምጣ ገፋች፤ ኢትዮጵያ ወረደች፣ ግን ሳትቸኩል። ሌላ ጨመረች፤ በመንገድ ላይ ታመነታለች። አባ ወንበራቸውን አስጠጉ። አስናቀው «ትልቁን ሞክሪ» ይላል፣ አባ «የለም፣ ትንሹ ይሻላል» ይላሉ፤ ሕፃን ሊያጠምቁ ቀጠሮ የነበራቸው ሰው ናቸው። ትልቁ ተለጠፈ። በዛ፤ ኢትዮጵያ ከላይ ወጥታ አልወርድም አለች። አባ ይኼን ለጥቂት ጊዜ በደስታ ተመለከቱት።

«እንዲህ ብንተወውስ?» አሉ።

«አባ» አለች ፅዮን።

«እሺ። ትክክሉን አድርጊው።»

በትንሹ ተለወጠ። ፅዮን ባሕሩ ላይ በቢላ ትንሽ መስኮት ከፈተች። ወይዘሮ እንኳየሁ ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «እጅሽን እንዳትቆርጪ» አሉ። «ቢላው ዝጎ እንዳይሆን። አያችሁት? ዝጓል?» ዳዶዎቹ ከውስጥ ተለጠፉ፣ መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ፣ ሰማያዊው ተቀባ።

አባ ሐብተ ማርያም ተነሥተው ገፉት። ዞረና ሕንድ ላይ ቆመ። ደግመው ገፉት፤ ብራዚል። ደግመው ገፉት፤ ኢትዮጵያ ፊት ለፊታቸው መጥታ ቆመች፣ ትንሽ እንኳ አልተወዛወዘችም። ወይዘሮ እንኳየሁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወስጄዋለሁ» አሉ አባ። «ለሌሎቹ ክፍሎችም ከፋሲካ በፊት ሥሪልን። እኔም አንዳንዴ እየመጣሁ እያየሁ...» ብለው ጥምቀቱ ትዝ አላቸውና ጃንጥላቸውን ረስተው ሮጡ። አስናቀው ጃንጥላውን ይዞ ተከተላቸው።

ፅዮን ስልኳን አንሥታ ሳንጃ ደወለች። «ጋሼ፣ ተወሰደልኝ። ሌላም ታዝዣለሁ። አልመጣም።»

የሻው ደስ አለው። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። «በይ ጎሽ። ሚዛኑን እኔው እቆምበታለሁ።»

ወይዘሮ እንኳየሁ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ልጅቱ ቀረች። ደጋ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ዓይናቸው ሥር። ትከሻቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ፤ ለቅጽበት ያህል የሚያስጨንቃቸው ነገር አልተገኘም። ፈለጉ። ከዚያ እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

«የሻው።»

«አቤት እናቴ።»

«አጎበር አለህ?»

«አለኝ።»

«የምትተኛው በሱ ውስጥ ነው፣ ወይስ ሰሊጥ ሸፍነህበታል?»

«ሰሊጡን አቧራ እንዳይነካብኝ...» ብሎ ጀመረ የሻው።

«ነገ በመጀመሪያው ማኪና እመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ፤ ስልኩን ለፅዮን መልሰው ቦርሳቸውን ፍለጋ ገቡ።