ያልተሸፈነው ቡና

ትምህርት ቤታችን «ኢንተርናሽናል» ይባላል። ሚዛን ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው። ከውስጡ ውጭ አገር አይቶ የመጣ ነገር ቢኖር ያገለገለው ሰርቪስ መኪናችን ብቻ ነው። ይህን ስል ማንቋሸሼ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን እወደዋለሁ። ስሙ ግን አንዳንዴ ያስቀኛል።

ዳይሬክተራችን አቶ እንድርያስ ክረምቱን አዲስ አበባ ሥልጠና ወስደው «ጠይቆ መማር» የሚባል ነገር ይዘው መጡ። መምህሩ ከማስረዳቱ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ሞክረው ያያሉ፣ ከዚያ ያውቃሉ። እኔ ዘንድሮ የተቀጠርኩ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ነገሩን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ጌጫ ከተማ ተማሪ ሳለሁ «ለምን?» ባልኩ ቁጥር «ፈተና ላይ አይመጣም» እባል ነበር፤ ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ለወላጆች በዓል እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጥያቄውንም መልሱንም እኛ አስተማሪዎች ጽፈን እናዘጋጃለን፣ ልጆቹ በቃላቸው ይይዙታል፣ መድረክ ላይ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።

«አቶ እንድርያስ፣ መልሱን አስቀድመን ካወቅነው ምኑን ጠየቅነው?» አልኳቸው።

«ቲቸር ተሾመች፣ ወላጅ የሚከፍለው ልጁ ሲመልስ ለማየት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም በዓሉ ሐሙስ መሆኑን፣ የእኔ የሙከራ ጊዜ ደግሞ በማግስቱ ዓርብ እንደሚያልቅ አስታወሱኝ። ሊያስፈራሩኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሰውየው ሁሉን ነገር ማስታወስ ይወዳሉ። እኔ ግን ፈራሁ። ተናደድኩም። ስናደድ ደግሞ ግትር ነኝ።

የክፍሌን ጥያቄ ያመጣችው ላምያ ናት። አባቷ አቶ ዐብዱልጀባር ከጅማ በኩል መጥተው እዚህ የከበሩ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ግን ድምፅዋን ለመስማት ጠጋ ማለት የሚያስፈልግ ዝምተኛ ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ሰማዩ ሲጠቁር በመስኮት ወደ ሰፈሩ ታይ ነበር። ሰው ሁሉ ከየቤቱ እየሮጠ ወጥቶ የተሰጣ ቡናውን ይሸፍናል።

«ቲቸር፣ ሳይሸፈን ቢቀር ምን ይሆናል?» አለች።

«ይበላሻል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«አይታችኋል?» አለቻቸው ላምያ።

ማንም አላየም። ከዚያ ቲቶ፣ ክፍሉን ሁሉ የሚያስቀው ልጅ፣ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ቲቸር?» አለኝ።

እኔም አላየሁም። ቡና ሥር ነው ያደግኩት፣ ግን ሳይሸፈን ያደረ ቡና አይቼ አላውቅም። ከየት አይቼ! በእኛ አገር ዳመና ሲመጣ ቡናው የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ የቀረበ ሰው ይሸፍናል። የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ መጀመሪያ የባላጋራውን ቡና ሸፍኖ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ያን ዕለት ለቢሮ ያዘጋጀሁትን ጥያቄና መልስ ቀድጄ ጣልኩት። የሚጠየቅ ነገር ማለት ይሄ ነው አልኩ።

ከክፍላችን ጀርባ ሁለት ትንንሽ የቡና ማድረቂያ የሽቦ አልጋዎች ሠራን። ልጆቹ ከየቤታቸው ቀይ እሸት ቡና አምጥተው አሰጡ። ዝናብ ሲመጣ አንዱ አልጋ ይሸፈናል፣ ሌላው አይሸፈንም። ይኸው ነው።

ግን ማን ያስደርገን? በመጀመሪያው ዝናብ ባየ የሚባለው ዘበኛችን ሮጦ ሁለቱንም ሸፈናቸው። አስረዳነው፣ ገባኝ አለ፣ በሁለተኛው ዝናብ ደግሞ ሸፈናቸው። «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ። «አትሸፍኑ» ብለን ትልቅ ጽሑፍ ሰቀልን። የሻይ ክበቧ ሳባ ጽሑፉን አንብባ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው የጻፈው!» ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። አንድ ቀን እኔ ራሴ ሳላስበው ሸራውን አንስቼ ስሮጥ ቲቶ ቀሚሴን ይዞ አስቆመኝ። ክፍሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

በበዓሉ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት አቶ ዐብዱልጀባር ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ዝናቡ ወረደ። ኮታቸውን አውልቀው ሮጡ። የሁለቱንም አልጋ ቡና አንድ ጆንያ ውስጥ ገልብጠው፣ ተሸክመው፣ ቢሮው በረንዳ ላይ አሳረፉት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩላችሁ!» አሉ እያለከለኩ። የተሸፈነው ካልተሸፈነው ተደባለቀ። ልጆቹ አለቀሱ፤ ሰውየው ለምን እንደሚያለቅሱ ግራ ገባቸው። ላምያ አባቷን ቀና ብላ ሳታይ መኪና ውስጥ ገባች።

አቶ እንድርያስ መልሱን ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ። ዝናብ የነካው ቡና ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። «ላምያ ይህን ትበል» አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። የእኔ ልጆች ግን አላዩትም። ካላዩት አይሉትም አልኩ በልቤ፤ ዓርብ የሚመጣው ይምጣ።

ረቡዕ ልጆቹ እንደ አዲስ እሸት ቡና አምጥተው በሁለቱም አልጋ አሰጡ። ላምያን ለብቻዋ ጠርቼ ወረቀቱን አሳየኋት። «ይህን ማንበብ ትችያለሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። ወይም የሆነውን ትናገሪያለሽ» አልኳት።

«የሆነውን ከተናገርኩ አባዬ ያፍራል» አለች። ያን ጊዜ «ወረቀቱን አንብቢ» ልላት ምንም አልቀረኝም። አንጀቴን በላችው።

«ስሙን አትጥሪ» አልኳት። ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ሌሎቹ ክፍሎች እንደ ውኃ አወረዱት፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ላምያ ወጣች። ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር። አየችው፣ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ቡና ሳይሸፈን ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል ብለን ጠየቅን» አለች። «አናውቅም። ስንሞክር ሰው ሁሉ እየሸፈነብን አላየንም። ማክሰኞ ደግሞ አንድ ሰው አዝኖልን ደባለቀው።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ አባት «አናውቅም ለማለት ነው እንዴ የምንከፍለው?» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። የአቶ እንድርያስ ፊት ጠቆረ። ላምያ አንገቷን ስትደፋ ሳይ ያን አባት ሄጄ ባናገርኩት ደስ ይለኝ ነበር።

አቶ ዐብዱልጀባር ከመካከል ተነሡ። «አንድ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ዕድሜዬን ቡና ነው የነገድኩት። ሳይሸፈን ቀርቶ ምን እንደሚሆን ግን አላየሁም። እኔም አላውቅም።» ላምያ መድረክ ላይ ሆና አባቷን ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየች።

ይህን ተናግረው ሳይቀመጡ ጣሪያው ተንጫጫ። ዝናብ!

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። የከፋው፣ የሸኮው፣ የቤንቹ፣ ከጎንደር የመጣው፣ ማንም አልቀረም፤ እግራቸው ነው የተነሣው። የእኔ ልጆች ግን ቀድመው ወጡ። ስደርስ አንዱን አልጋ ሸፍነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልተሸፈነውን አልጋ ከበውታል፤ ፀጉራቸው ረጥቦ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ወላጆች በረንዳው ላይ ተደርድረው ቆሙ። ዘበኛው ባየ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ቀብሯል። አቶ ዐብዱልጀባር ከንፈራቸውን ነክሰው ዝናቡን ያያሉ።

አቶ እንድርያስ ሌላ ሸራ ይዘው ወደ አልጋው ሮጡ።

ላምያ ከፊታቸው ቆመች። «ጋሼ፣ አይሸፈንም» አለች። በረንዳው ሁሉ ሰማት። «እያየነው ነው።»

ሰውየው ቆሙ። ሸራው እጃቸው ላይ እንዳለ ዝናቡ ሱፋቸውን አበሰበሰው። ቀዩን ቡና አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ምን ይሆናል?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

«ለማወቅስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እሱንም አላውቅም። ግን ከዓርብ ያልፋል።»

የሙከራ ጊዜዬ በማግስቱ እንደሚያልቅ ሁለታችንም እናውቃለን። አቶ እንድርያስ ላምያን አዩ፣ ከእሷ ጋር የተያያዙትን ልጆች አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይለፋ» አሉና ሸራውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉት።