በአንድ አይፎን የተጠመደው አፕ

ፉአድ ሆሳዕና ውስጥ ከእሱ ሌላ አፕ የሚሠራ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር፤ ይህም ልቡን ክፉኛ አሳብጦታል። አጎቱ ሐጂ ኑሪ ግን በእህል መጋዘናቸው ሚዛን ላይ ከማቆም ሌላ ሥራ አላዩለትም። በመጨረሻ ተስማሙ። ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን በአፑ አስመዝግበው አይሱዙ ካገኙ ፉአድ የራሱን ቢሮ ይከፍታል፤ ካልሆነ ሚዛኑ ላይ ይቀራል።

ለአንድሮይድ ብቻ ቢሠራው ኖሮ ቶሎ ባለቀለት። ነገር ግን ወንድሙ ከደቡብ አፍሪካ የላከለት አይፎን ኪሱ ውስጥ ነው። የገዛ አፑ በገዛ ስልኩ አልከፈት ሲል በምን ዓይኑ ይየው? ስለዚህ አንዴ ተጽፎ በሁለቱም ዓይነት ስልክ የሚሠራበትን መንገድ መረጠ። «ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው» ይላል፣ ዓለም እሱን ያማከረችው ይመስል።

በገበያ ቀን ነጋዴዎቹ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፉአድ አይፎኑን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ አፑ ጣቱን ገና ሳያነሳ ይታዘዛል። አጨበጨቡለት። ከዚያ ሁሉም በየስልካቸው ሞከሩ።

ከጊምቢቹ ቡላ የምታመጣው ረምላ ስልክ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ተገትሮ ቀረ።

«ፉአዴ፣ ይሄ ነገር እየመጣ ነው?»

«ትንሽ ይታገሱት እትዬ፣ ከበድ ስለሚል ነው።»

ለአዲሎው ነጋዴ ለያሲን ግን ተከፈተለት። ጭነቱን ሞልቶ አንድ ነገር ሊያርም እንደ ልማዱ ከታች ያለውን የስልኩን መመለሻ ነካ። አፑ ከጻፈው ሁሉ ጋር ድራሹ ጠፋ። ፉአድ መመለሻውን በአይፎን ወግ ላይኛው ጥግ ላይ ነበር ያስቀመጠው።

«እኔ ስልኬን አውቀዋለሁ» አለ ያሲን፤ «የማያውቀው ያንተ አፕ ነው።»

ሐጂ ኑሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ እዚህ አይፎን የያዘ ስንት ሰው አለ?»

የፉአድ እጅ ብቻዋን ወጣች። ወዲያው መልሶ ሊደብቃት ፈለገ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ።»

ፉአድ አፈረ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ያዳነችው ረምላ ናት፤ አዳነችው ከተባለ። «የሱ ስልክ ይሠራ የለ? እሱ ይጻፍልና!» አለች።

ተሰለፉ። ቡላውን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውን እየነገሩት ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ በአይፎኑ ሲጽፍ ዋለ። አይሱዙዎቹም እየተጠሩ መጡ፤ የቀረ ጭነት አልነበረም።

ረምላ ስትሰናበት ሐጂ ኑሪን አደራ አለቻቸው። «ይህን ልጅ ከዚህ እንዳያነሱብን ሐጂ፤ ያለሱ አፑ አይሠራም።»