እትዬ ሲሳፈሩ የምትቆም መኪና

የቀያሹ መኪና ከባለቤቷ ጋር አብራ ያረጀች የመስክ መኪና ናት። በአራቱም ጎማዋ እየቧጠጠች የማትወጣው ዳገት የለም፤ በሯ ሲዘጋ እንደ ድስት ክዳን ይጮኻል፤ መስኮቷ የሚወርደው በልመና ነው። ቤተሰቡ «በቅሎዋ» ይላታል። እንደ በቅሎም አንድ አመል አላት፤ እትዬ ከተሳፈሩባት መንገድ መሀል ቀጥ ትላለች።

እትዬ የቀያሹ ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸው አፉን ከፈታ ጀምሮ «እትዬ» ስላላቸው፣ ጎረቤቱም ባለሱቁም ተቀብሎ እትዬ ይላቸዋል። ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ቆይቷል። ስለዚህ ከፊት አይቀመጡም፤ ከኋላ በጎን በኩል ያለችውን ታጣፊ አግዳሚ ይዘረጉና እግራቸውን እንደ ጠመንጃ ቀስረው ይሄዳሉ።

መጀመሪያ የቆመች ቀን ተሳቀ። ቀያሹ አንድ ፊውዝ ተቃጥሎ አገኘ፤ ቀየረው፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ተቃጠለ። በመጨረሻ ለእትዬ የሚያልፍ የጭነት መኪና ተለመነላቸውና በዚያ ተመለሱ። በቅሎዋ ግን እሳቸው ከወረዱ በኋላ ፊውዟ ተቀይሮላት እየዘፈነች ቤቷ ገባች። በሁለተኛው ጊዜ የሳቀ የለም። በሦስተኛው ቀያሹ መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ እህቱን አየ። ያን አስተያየት እትዬ አልወደዱትም።

ነገሩ አፍ አውጥቶ የተነገረው ሐሙስ ምሳ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች። ክረምቱም ደጅ ላይ ነው። ወንዙ አንዴ ከሞላ በቅሎዋም ብትሆን አትደፍረውም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ማዶ ያለ ማዶ፣ እዚህ ያለ እዚሁ ነው። ቀያሹ ቅዳሜ እህልና መድኃኒት ጭኖ ሊሄድ ተነስቷል። እትዬም ክረምቱን ሙሉ እህታቸውን ሊያስታምሙ ቦርሳቸውን ከዘጉ ሰንብተዋል።

«እትዬ፣ ቅዳሜ አንቺ ብትቀሪ ይሻላል» አለ ቀያሹ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

«የት ነው የምቀረው?»

«እዚሁ። ዕቃውን እኔ አደርስላታለሁ። ሰላም ብላሻለች እላታለሁ።»

«ሰላምታማ በስልክም ይደርሳል። ሰላምታ ደግፎ አያስነሳትም።»

«እትዬ፣ አንቺ ባለሽበት ሦስቴ ቆመች። አንቺ በሌለሽበት ጉቶ ብትረግጥ አትቆምም። ልኬቱ ይኼው ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እግረ ደረቅ ነሽ በለኛ።»

«እኔ አላልኩም።»

«ልኬቱ ነው ያለው።» እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ለመሆኑ ይህን ልኬትህን ለመኪና ሠራተኛው ነግረኸዋል?»

ቀያሹ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባትሪ አስቀየርኩ። ዲናሞ አስፈታሁ። ከዚያ ወዲያ መኪናዬ እህቴን አትወድም ብዬ ለሰው ልናገር?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉና ሳህናቸውን ይዘው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። ሳህኑ ውስጥ ገና ግማሽ ምሳ ነበር።

በማግስቱ ቀያሹ በቅሎዋን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያስፈትሽ ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወሰዳት። ይህን ሰው ሁሉም «ቆይማ» ይለዋል፤ አንዲት ብሎን ከመንካቱ በፊት «ቆይማ» ማለት ልማዱ ነውና። የቸኮለ ደንበኛ ይበሳጭበታል፤ የተበሳጨው ደንበኛ ግን ሌላ መኪና ሲገዛም ወደ እሱ ይመጣል።

ቆይማ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ሳለ እትዬ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ።

«እትዬ፣ ደግሞ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ብልሽቱን ይዤ መጥቻለሁ» አሉና ወደ ቆይማ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህች መኪና የምትቆመው እኔ ስኖር ብቻ ነው። እሱ አልነገረህም፤ አፍሮ ነው።»

ቀያሹ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ቆይማ ግን አልሳቀም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቀ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እርስዎ ሳይኖሩስ?»

«ጉቶ ብትረግጥ አትቆምም ይላል።»

«እንግዲያ ጋሼ ልክ ናቸው። የምትቆመው በእርስዎ ነው።»

የእትዬ ፊት ጠቆረ። ይህን ለመስማት ከሆነ ያን ሁሉ መንገድ ባላነከሱ ነበር።

«ቆይማ» አለ ሠራተኛው። «ጥፋቱ የእርስዎ ነው አላልኩም። እርስዎ የሚያደርጉት፣ ሌላ ሰው የማያደርገው አንድ ነገር አለ። እስካሁን በሽተኛውን ሳላይ ነበር መድኃኒት የማዘው።»

ፊውዙን ነቀለና በእሱ ቦታ አንድ የፊት መብራት አምፖል በሁለት ሽቦ አያያዘ። ቁልፉን ሲከፍት አምፖሉ እንደ እንቅልፋም ዓይን ፈዘዝ ብሎ በራ።

«ይህ ፊውዝ የናፍጣውን መክፈቻ ነው የሚመግበው። እሱ ከተቃጠለ ናፍጣው ይዘጋል፤ ሞተሩም ይጠፋል። አሁን ግን የሆነ ሽቦ ብረት ቢነካ የሚቃጠል የለም፤ አምፖሉ ቦግ ይላል። እናቴ፣ ሲሳፈሩ የሚያደርጉትን ሁሉ ያድርጉልኝ። አንድም አያስቀሩ።»

እትዬ የኋላውን በር ከፈቱ። አግዳሚዋን ከግድግዳዋ አላቀው ዘረጉ። ተቀመጡ። እግራቸውን ቀሰሩ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። አምፖሉ እንደፈዘዘ ነው።

«አሁን ደግሞ መንገዱን ይሁኑልኝ።»

«እንዴት አድርጌ ነው መንገድ የምሆነው?»

«ይንጡልኝ። እንደ ኮረኮንች።»

እትዬ ግራ ቀኙን አይተው፣ ሌላ ተመልካች አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ቁጭ አሉ። አምፖሉ ቦግ አለ። ደግመው ብድግ ቁጭ አሉ፤ ደግሞ ቦግ አለ።

«ክብደቴ ነው ልትለኝ ነው» አሉ እትዬ።

«ክብደትማ ቢሆን ጋሼ የሚጭኑት ሲሚንቶ ቀድሞ ባቆማት።»

«ጭራሽ ከሲሚንቶ ጋር አወዳደርካት?» አለ ቀያሹ።

«ቆይማ ጋሼ። እርስዎ ይውጡና ይቀመጡበት።»

ቀያሹ እያመነታ ወጥቶ በእህቱ ቦታ ተቀመጠ። እንደ እሳቸው ተናጠ። አምፖሉ ቦግ አለ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ እግረ ደረቅ» አሉ እትዬ ከውጭ።

ቆይማ ይህን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለ። «ለመሆኑ ስትቆም ይህች አግዳሚ የት ነበረች? እኔ ጋ ስትመጣ ሁልጊዜ ታጥፋ ነው የማያት።»

«ስወርድማ አጥፌ ነው የምወርደው» አሉ እትዬ። «ተዘርግታ ትተዋለች እንዴ? መኪናም ቢሆን እንደ ቤት በሥርዓት ይያዛል።»

«በቃ፣ እሱ ነው» አለ ቆይማ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ምንጣፉን ገለጠ። የአግዳሚዋ የብረት እግር ስትዘረጋ የምታርፈው አንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር። የሽቦው ልባስ ተልጦ መዳቡ ያብለጨልጫል። ሰው ተቀምጦ መንገዱ ሲንጠው ብረቱ ሽቦውን ይነክሰዋል፤ ፊውዙም ይሄዳል። እትዬ አግዳሚዋን አጥፈው ሲወርዱ ደግሞ ምንም እንዳልተደረገ ይለቀዋል።

«ይህ ሽቦ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም» አለ ቆይማ እየተከተለው። «ጫፉ ምንም ላይ አልታሰረም። ከናፍጣው መክፈቻ መስመር ጋር የተጋጠመበትም ቦታ የተጠቀለለው በቁስል ፕላስተር ነው። የትኛው ጉደኛ ነው የሠራው?»

ቀያሹ ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን አየ። ከዚያ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ።

«ማራገቢያዋ» አለ።

«የቷ ማራገቢያ?» አሉ እትዬ፤ ሳይጨርሱትም አስታወሱ። ድሮ፣ ኩርባው ሁሉ ያስታውካቸው በነበረ ጊዜ፣ ከአግዳሚዋ በላይ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ እንደ ዝንብ እየጮኸች ፊታቸው ላይ ትነፍስ ነበር። «እሷ ከመኪናዋ ጋር የመጣች መስሎኝ።»

«መኪናዋ የምታስብልሽ መስሎሽ ነበር?» አለ ቀያሹ። «ስትበላሽ ነቀልኳት። ሽቦውን ረሳሁት።»

እትዬ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሽቦውን ላውጣው?» አለ ቆይማ።

«አውጣው» አለ ቀያሹ።

«ተወው» አሉ እትዬ።

ቆይማ ሁለቱንም አየና «ቆይማ» አለ። የተላጠውን ቆርጦ ጣለ፤ አዲስ ሽቦ በወፍራም ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ከአግዳሚዋ እግር አራቀው፤ የራሱንም ፊውዝ ሰጠው። «ከአሁን በኋላ ማራገቢያው ቢያኮርፍ ብቻውን ነው የሚያኮርፈው። ሞተሩን አይጎትትም።»

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አግዳሚዋ ላይ እግራቸውን ቀስረው፣ አዲስ ማራገቢያ ግንባራቸው ላይ እየነፈሰች ተጓዙ። በቅሎዋ ሦስት ጊዜ ከቆመችባት ኮረኮንች ሲደርሱ ወንድምና እህት ወሬያቸውን አቋረጡ። መኪናዋ ተናጠች፣ ተንገጫገጨች፣ አለፈች። ቀያሹ ያለ ምክንያት ክላክስ አሰማ።

ወንዙ ገና ጉልበት አላበጀም ነበር። ታናሽ እህታቸው እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ በመስኮት ስታያቸው «እትዬን አመጣሃት?» ብላ ጮኸች፤ እትዬም ከዘራቸውን እንኳ ረስተው ገቡ።

የመጨረሻው ጆንያ ሲወርድ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀያሹ ሰማዩን አየ፤ ወንዙ ወዳለበት አየ። ቁልፉን አውጥቶ እጁ ላይ እያገላበጠ በሩ ላይ ቆመ።

«መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?» አለ።

«ሂድ ባክህ፣ ሳይሞላብህ» አሉ እትዬ የእህታቸውን ትራስ እያስተካከሉ። «እኔ የለሁባትም።»