በጉልላት ግድግዳ ያረፉ ወፎች

ጉልላት ጓሮው ያረፈችውን ወፍ ሁሉ ለመንገዱ ፊት በሰጠው የቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ይስላል፤ ደግማ ስትመጣ አጠገቧ አንዲት ጭረት ይጨምርላታል። በቀራንዮ ሰፈር ላይ ሲበር ጉልላትን እጅ ሳይነሳ ያለፈ ወፍ የለም። ግድግዳውም ከመሙላቱ የተነሳ ከነቤቱ ሊበር ጥቂት ነበር የቀረው።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ ጭቃ ሹም ኖራ ቀቢዎች አስከትለው መጡ።

«ነገ መኳንንቱ በዚህ ያልፋሉ። የመንገድ ዳር ግድግዳ ሁሉ ይንጣ ተብሏል፤ ይሄን ጥቀርሻህን አጥፋ!»

«ጥቀርሻ? ጌታዬ፣ ይቺን ግንደ ቆርቁር ለመሳል አርባ ዓመት አድፍጫለሁ!»

«አርባ ዓመትህ መቼ ሞላና?» አለች ሚስቱ ብርቅዬ ከውስጥ።

ጭቃ ሹሙ ቀቢዎቹን ሲጠቅሱ፣ ጉልላት ሮጦ ክንዱን እንደ ንስር ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«እንግዲያው እኔንም አብራችሁ ቅቡኝ!»

«ቅቡታ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከግድግዳው ጋር ከጸጉሩ እስከ ጫማው ኖራ አለበሱት። ንቅንቅ አላለም። ጭቃ ሹሙ ረክተው ሲሄዱ ከግድግዳው ተላቀቀ። ግድግዳው ላይ ኖራው ያልነካው ከጀርባው የቀረው የእሱ ቅርጽ ብቻ ነበር፤ ግንደ ቆርቁሯ ደረቱ ላይ፣ ዋኔዎቹ ክንዶቹ ላይ።

በማግስቱ መኳንንቱ ሲያልፉ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ ወፍ የሞላው አንድ ሰው ብቻ ክንዱን ዘርግቶ ጠበቃቸው። ጭቃ ሹሙ ከሩቅ በዓይናቸው ቢቆጡትም፣ ጉልላት ጀርባውን ሰጥቷቸው አሁን ያረፈችውን ድንቢጥ በንጹሑ ኖራ ላይ ይስል ነበር።