ከምድጃው አጠገብ ያለው ባልዲ

የባሌ እህት፣ ልጆችን ምግብ ማብሰል አስተምራለሁ ብላ ስትነሳ እኔ አልሳቅሁም። እንቁላል ስትቀቅል ውሃው አልቆ ድስቱ የሚያርርባት ሴት አስተማሪ ስትሆን ምኑ ያስቃል? ኩሽናዋ እስከ ጣሪያው ነጭ ሴራሚክ ተለብጦ ያብረቀርቃል፤ ማን ሠርቶበት ይቆሽሻል። ከባሌ በስድስት ዓመት ስለምትበልጥ ፊት ለፊት “እትዬ” እና “እርስዎ” ነው የምላት። ከጀርባዋ ግን እሷ ናት።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች ስሟ የተጠለፈበት ነጭ ሽርጥ አድርገው ይሰለፋሉ። ባሌ “እህቴን አታሳፍሪያት” ስላለኝ ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ግን ትቻት አልመጣሁም። ከኋላ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን በር ላይ አራግፈው ወደ ገበያቸው ይበሩ ነበር፤ ምን ዓይነት አንጀት እንዳላቸው አላውቅም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እጅ መታጠብ ነበር።

“እስከ ሃያ እየቆጠርን ነው የምንታጠበው፣ የኔ ወፎች” አለች። ወፎቹን አልነበረም የምታየው። የስኳር ቆርቆሮው ላይ ያስደገፈችውን ስልኳን ነበር። ልጆቹ ቆጠሩ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሳልቆጥር ታጥቤአለሁ፤ እስካሁን አሥሩም ጣቶቼ አሉ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ጥሬ ዶሮ ቆራረጠች። ቢላዋውን ወገቧ ላይ በሰካችው ጨርቅ ጠረግ አደረገችና በዚያው ቢላዋ፣ በዚያው መክተፊያ ላይ ቲማቲም ጀመረች። ዝም ለማለት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

“ይቅርታ እትዬ፣ ቢላዋው በሳሙና አይታጠብም?”

“ተጠርጓል እኮ፣ እህቴ። አንቺ ደግሞ እየፈራሽ የልጆቹን አፒታይት ትዘጊያለሽ።”

ልጆቹ ሳቁ። ልጄ ግን ፊቴን አየችና የደረሳትን ቲማቲም ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ፊቴን ማንበብ ከፊደል በፊት ነው የለመደችው። የሌሎቹን ልጆች ሆድ ፈጣሪ ጠበቀው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወረቀት አደለች። ወፍራም፣ የሚያንሸራትት ወረቀት ነው። በአንዱ ገጽ እሷ እጇን አጣምራ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሷን አሳይታ ቆማለች። በሌላው ገጽ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። አላነበብኩትም። የዶሮ ቢላዋ በጨርቅ የምትጠርግ ሴት ምን ልትነግረኝ ነው? ግን ወረቀቱ ጠንካራ ነበርና የማንኪያ መሳቢያዬ ውስጥ አነጠፍኩት። ማንኪያ ባወጣሁ ቁጥር እንዳትስቅብኝ ፎቶዋን ወደ ታች ደፋሁት።

እኔ ቤት ትምህርቱ ሌላ ነበር። አንድ ትምህርት ብቻ፤ “አትንኪ”። ቢላዋ አትንኪ፣ ክብሪት አትንኪ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ጎማ አትርገጪ። ልጄ ከተወለደችበት ሳምንት ጀምሮ ከምድጃው አጠገብ አፉ ድረስ ውሃ የተሞላ ባልዲ አለ። በየጠዋቱ ውሃውን እቀይራለሁ። እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍበታል። ባሌ ደግሞ ያላግጣል።

“ለምን ዓሣ አንጨምርበትም? ቢያንስ እየዋኘ ያጫውተን።”

“እሳት ሲነሳ ዓሣህን ትጠራዋለህ” እለዋለሁ።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ክንዴ ላይ የቀሩት ምልክቶች ይናገራሉ። አለቃችን አንድ ሐሙስ መጥታ “ከሰኞ ጀምሮ ፈረቃሽ ከሰዓት ነው” ስትለኝ ያልኳት ነገር ቢኖር “እሺ” ብቻ ነው። በልቤ ግን ቤቴ ተቃጥሎ አልቆ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስምንት ሰዓት ትገባለች፤ እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምገባው። ባሌ ሹፌር ነው፤ እሱም ከዚያ በፊት አይመጣም። ምሳዋን ማን ያሞቅላታል?

ባሌ ነገሩን ባንድ ጉርሻ ጨረሰው። “ወይ እስከ እሁድ ምድጃውን ትልመድ፣ ወይ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እህቴ ጋ ትሂድ።”

በየቀኑ አራት ሰዓት እዚያ። ያንን ቢላዋ፣ ያንን ጨርቅ፣ ያንን ስልክ እያየች። በዓመቱ ልጄ እኔን “እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ፈሪ” ስትለኝ ታየኝ። ከእሳቱና ከባሌ እህት ምረጪ ብባል እሳቱ ቢያንስ አይስቅም። እኔው አስተምራታለሁ አልኩ።

እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ባሌ አፉ አያርፍም፤ ለእህቱ ነግሯታል።

“እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ።”

“እንደሌለሁ ቁጠሩኝ” አለችና የኩሽናውን በር ይዛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች። “አስተምሪ፣ አስተምሪ። ለማስታወሻ ትንሽ ልቅረጻችሁ።”

ለማስታወሻ ሳይሆን ለባሌ ነበር። ስሳሳት የሚያሳይ ማስረጃ ፍለጋ።

ልጄ ፀጉሯን ወደ ኋላ አሰረች፣ እጅጌዋን ጠቀለለች፣ እጇን ታጠበች። ስትታጠብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እስከ ሃያ እየቆጠረች እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ። ድንቹን ከተፈች፤ ጣቶቿን አጥፋ፣ ቢላዋውን ከራሷ አርቃ። የታጠበውን ድንች በንጹሕ ፎጣ አደረቀች። ክብሪቱን መጀመሪያ ጫረች፣ ከዚያ ነው ጋዙን የከፈተችው። በአንድ ክብሪት ለኮሰችው። የመጥበሻውን እጀታ ወደ ውስጥ መለሰች፤ ዘይት ጨመረች።

“አሁን ቁሚና ስሚኝ” አልኩ።

ዓመታት ያጠራቀምኩት ነበርና ከየት እንደምጀምር ቸገረኝ። ከእጅጌ ጀመርኩ። አንዲት ሴት እጅጌዋ ነበልባል ነክቶት ምን እንደሆነች ነገርኳት። ከእጅጌ ወደ ጎማ ሄድኩ፤ ጎማ ሲያረጅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ጋዝ ወለሉ ላይ እንደ ውሃ እንዴት እንደሚተኛ። ከጎማ የሆቴላችን ኩሽና ውስጥ የተቃጠለውን ሰውዬ አነሳሁ። በርጩማው ላይ ያለችው ደግሞ ትቀርጻለች፤ ይህንንም አሳምሬ ልናገረው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

“እማዬ፣ ዘይቱ…”

“ስናገር አታቋርጪኝ።”

“እማዬ፣ እየጨሰ ነው።”

“ወደ ጭስም እመጣለሁ።”

ጭስ ጋ ሳልደርስ መጥበሻው ውስጥ ዘይቱ በእሳት ተያያዘ። ነበልባሉ ክንድ የሚያህል ቁመት ነበረው፤ ድምፅም አልነበረውም። እሳት ይጮሃል ብዬ ነበር የምጠብቀው።

በርጩማው ሲወድቅ ሰማሁ። ከግቢው የእሷ ድምፅ መጣ፤ “ውሃ ድፊበት! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውሃ!”

አልጠበቅሁም። ይህን ቀን አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ባልዲውን አነሳሁ። ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹን እስከ ደረቴ ከፍ አደረግሁት። ልጄ መጥታ ፊቴ ቆመች።

“እማዬ፣ አስቀምጪው።”

“ዞር በይ።”

“አስቀምጪው። ውሃው ዘይቱን ይረጨዋል፤ ሁላችንም ነው የምንቃጠለው።”

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ባልዲውን ባስቀምጠው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን እንደተሸከምኩት ደርቄ ቀረሁ። እሷ ዞራ የምድጃውን ቁልፍ ዘጋች። ትልቁን የድስት ክዳን አነሳችና ከፊቷ እንደ ጋሻ ይዛ፣ ከጎን አንሸራትታ መጥበሻው ላይ ገጠመችው። ዳር ዳሩን ትንሽ ሰማያዊ ነገር ላሰና ጠፋ። ከዚያ ሽታው ብቻ ቀረ።

“ከፈት አድርገን እንየው?” አልኩ፣ ባልዲውን እንደታቀፍኩ።

“አይከፈትም። አይነሳምም። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማንም አይነካውም።”

“ማን ነገረሽ?”

“መሳቢያው።”

መሳቢያውን ሳበችና ማንኪያዎቹን ወደ ጎን ገፋች። ከሹካዎቹ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የዘይት እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ ምድጃው ይጠፋል፣ ክዳን ይገጠማል፣ መጥበሻው ከቦታው አይነሳም፤ ካልጠፋ ወጥቶ እርዳታ መጥራት ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ይታጠባል።

“ማንኪያ ሳወጣ ሁሌ አነበዋለሁ” አለች። “በቃሌ ነው የያዝኩት።”

የባሌ እህት ፀጉሯን እያስተካከለች ገባች።

“አየሽ? የኔ ወረቀት ነው። የኔ ትምህርት ነው ቤትሽን ያተረፈው።”

“ከግቢ ሆነው ውሃ ድፊ ያሉኝ ማን ነበሩ፣ እትዬ?”

“ደንግጬ ነዋ። ደግሞ እንደዚያ አላልኩም።”

“ብለዋል፣ አክስቴ” አለች ልጄ። “ስልኩ ላይ ይሰማል።”

የባሌ እህትም ስልኳን ከፈተች። በርጩማው ሲገለበጥ፣ የራሷ ጫማ ሲሮጥ፣ የግቢው አጥር፣ ከዚያም “ውሃ ድፊበት” የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሳትጨርሰው አጠፋችው።

“ጽሑፉን ማን ጻፈልዎ?” አልኳት።

“እኔ ፎቶውን ነው የሰጠሁት። የጀርባው ገጽ ባዶ ከሚሆን ብሎ ማተሚያ ቤቱ ከሆነ መጽሐፍ ቀድቶ ሞላው።”

አላነበበችውም። እኔም አላነበብኩትም። እሷን ለአንድ ወር ስንቃት ከርሜ፣ እዚያች እርጥብ ወለል ላይ ባልዲ ታቅፌ ስቆም ከእሷ በምን እንደምሻል ፈለግሁ። አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እኔ አልሮጥኩም። ቤቱን ግን ላፈነዳው ነበር።

ማታ ባሌ ታሪኩን ከልጄ ሰማና እኔን አየት አደረገኝ። “እንግዲህ እህቴ ጋ መሄዱ…” ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ልጄ ራሷ ወሰነች። “ብቻዬን ስሆን በዘይት አልጠብስም፤ ማሞቅ ብቻ ነው። እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ምድጃው ላይ ሆኜ አትደውዪልኝ።”

ሰኞ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ እጄ ካውያ፣ በሌላው ስልክ ይዤ ቆምኩ። አልደወልኩም። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። አንድ የእንግዳ ሸሚዝ አንገትጌ አሳረርኩ። ከዚያ መልእክት መጣ፤ “በላሁ። ምድጃውን ዘግቻለሁ፣ ቁልፉንም ሁለቴ አይቼዋለሁ። ሳህኑንም አጥቤአለሁ።”

የባሌ እህት ከወር በኋላ ትምህርቱን ወደ ኬክ ማስጌጥ ለወጠችው። እሳት የለበትም። ባልዲው አሁን ወለል መወልወያ ሆኗል፤ በቦታው ክዳኑ ቆሟል። ወረቀቱም መሳቢያው ውስጥ ነው። በየሳምንቱ አውጥቼ ጠርጌ አነበዋለሁ፤ ስመልሰው ፎቶዋን አሁንም ወደ ታች እደፋዋለሁ።